የሣቁ ቀን መቼ ነበር?

ሰው ስላለፈው ሕይወቱ እንዲናገር ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ከበድ ያለውን ነገር ነው። የደረሰበትን መከራ፣ ያገኘውን ሹመት፣ የተጓዘውን ረጅም መንገድ ይተርካል። በየዕለቱ ያሣቁትንና ልቡን የነኩትን ጥቃቅን ነገሮች ግን «ይህስ ለወሬም አይበቃ» እያለ ይተዋቸዋል። ይህ ልማድ ትክክል ሆኖ አይታየኝም። በእኔ አስተያየት፣ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ሕዝብ ያሳለፈውን ዘመን በሚገባ ለማወቅ ሰዎቹን ያስለቀሳቸውን ብቻ ሳይሆን ያሣቃቸውንም ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ሐሳብ በምሳሌ ለማስረዳት፣ በምሥራቅ ሱዳን ወደምትገኘው ወደ ገዳሪፍና በድንበሩ አካባቢ ወዳለው አገር ልውሰዳችሁ።

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው ሜዳ መረሬ አፈር ነው፤ በበጋ እየተሰነጣጠቀ እግር ያስገባል፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ቀለብ ለማግኘት በዚህ ሜዳ ላይ በትራክተር ማሽላ ማረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ ስለ ሄደ፣ በአጨዳ ወራት ከሱዳን ልዩ ልዩ ክፍሎችም፣ ከኢትዮጵያም የቀን ሠራተኞች ወደ ገዳሪፍ ሲጎርፉ ኖረዋል።

ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው መንገድ ገላባት ያደርሳል፤ ከገላባት ፊት ለፊት የእኛ መተማ ትገኛለች። የታሪክ መጻሕፍት እነዚህን ሁለት ከተሞች የሚያነሡት በአመዛኙ ከጦርነት ጋር አያይዘው ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱት በመተማ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዞች የሚታዘዝ ጦር ገላባትን ከኢጣልያ እጅ ለማስለቀቅ ተዋግቷል። ይህ ሁሉ መጻፉ ተገቢ ነው። ነገር ግን በጦርነትና በጦርነት መካከል ሰዎች በዚያ ድንበር ላይ ሽንኩርት ሲሸጡና ሲገዙ፣ ቡና ሲጠራሩ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እያጣመመ ሲሣሣቁ እንደ ኖሩ የሚተርክ ገጽ ጥቂት ነው።

በ1977 ዓ.ም. በድርቅና በጦርነት ምክንያት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ። ከገቡባቸው መጠለያዎች አንዱ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ ነበር። በሱዳኖች አነጋገር ራኩባ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ሲሆን፣ ኡም ማለት ደግሞ እናት ነው፤ ስለዚህ የቦታው ስም «የዳስ እናት» እንደ ማለት ይሆናል። እኔም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከእናቴና ከሦስት ዓመቷ ታናሽ እኅቴ ጋር ወደዚህች የዳስ እናት ገባሁ። አባቴ አስቀድሞ በአጨዳ ሥራ ገዳሪፍ ገብቶ ነበርና፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መጥቶ እናቴንና እኔን ወደ ከተማው ወሰደን።

እናቴ ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ ሁልጊዜ የምትጀምረው በሽንኩርት ነው። ከእለታት አንድ ቀን ብቻዋን ወደ ገበያ ወጣች። ከዐረብኛ አንድም ቃል አታውቅም። በገበያው መካከል አንዲት ባልቴት «በሰል! በሰል!» እያሉ ሲጣሩ ሰማች። እናቴም «ተመስገን! አማርኛ የሚያውቅ ሰው ተገኘ፤ ምግቡም በስሏል» ብላ ገሠገሠች። ስትደርስ ግን እሳት የለም፣ ድስት የለም፤ በጆንያ ላይ የተከመረ ጥሬ ሽንኩርት ብቻ ነው።

«እመቤቴ፣ የታለ የበሰለው?» አለች።

ባልቴቷ አንድ ራስ ሽንኩርት ከፍ አድርገው አሳዩና «በሰል!» አሉ።

«ኧረ አልበሰለም!»

«በሰል!»

«አልበሰለም እኮ ነው የምልዎ!»

ሁለቱ ሴቶች እንዲህ ሲከራከሩ ገበያተኛው ተሰበሰበ። በመጨረሻም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ የጭነት መኪና ረዳት መጥቶ፣ በዐረብኛ በሰል ማለት ሽንኩርት መሆኑን ለእናቴ፣ በአማርኛ በሰለ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ለባልቴቷ አስረዳ። ባልቴቷ በሣቅ ብዛት የለበሱት ቶብ ከራሳቸው ላይ ተንሸራተተ። ከዚያም ሦስት ራስ ሽንኩርት መርጠው ያለ ዋጋ በእናቴ ነጠላ ጫፍ ቋጠሩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ሰላምታቸው «በሰለ?»፣ «አልበሰለም!» ሆነ። እኛ ልጆችም ባልቴቷን እንደ አገሩ ልማድ ሐቦባ፣ ማለትም አያቴ፣ እያልን መጥራት ጀመርን።

ሁለተኛው ጨዋታዋ ስለ ኪስራ ነው። ኪስራ ሱዳኖች ከቦካ የማሽላ ሊጥ የሚጋግሩት እጅግ ስስ የሆነ ምግብ ነው። እናቴ መጀመሪያ ባየችው ጊዜ አገላብጣ ተመለከተችውና «ይህ እንኳ የእኛው እንጀራ ነው፤ ድንበር ሲሻገር ከስሮ ኪስራ ሆነ እንጂ» አለች። በዚያ ወራት የከሰረው እንጀራው ብቻ እንዳልነበረ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሦስተኛው ስለ ሰላምታ ነው። ሱዳናዊ ደኅንነቱን ሲጠየቅ «ተማም» ብሎ ይመልሳል፤ ደኅና ነኝ፣ ሁሉም መልካም ነው ማለቱ ነው። እናቴ ግን «ታማሚ» የሚል ይመስላት ነበር። ስለዚህ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር «ምን ዓይነት አገር ነው? ደኅና ነህ ወይ ያሉት ሁሉ ታማሚ ነኝ ይላል። ታማሚው ሁሉ ደግሞ ኩንታል ማሽላ ተሸክሞ ይሮጣል!» እያለች ታዝን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው ጥቂት ማለት ይገባል። አማርኛና ዐረብኛ ሁለቱም ሴማውያን ቋንቋዎች ስለሆኑ የሚቀራረቡ ቃሎች አሏቸው። ቤት በሁለቱም ቤት ነው። ላሕም በዐረብኛ ሥጋ ማለት ነው፤ በግእዝ ላህም ከብት ሲሆን የአማርኛው ላምም ከዚሁ የመጣ ነው። ሌሎች ቃሎች ደግሞ ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው በድምፅ ብቻ ይገጣጠማሉ፤ በሰልና በሰለ፣ ተማምና ታማሚ እንደዚህ ያሉ ናቸው። እንግዲህ በድንበር የሚኖር ሰው ከነዚህ ቃሎች ጋር ሲጋጭ ወይ ይጣላል፣ ወይ ይሥቃል። የእናቴና የሐቦባ ጉዳይ በጠብ ተጀምሮ በሣቅ አለቀ።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጨዋታ አይወዱም። «ያ ዘመን የረኃብና የስደት ዘመን ነው፤ በየመንገዱ የወደቀው ሰው ብዙ ነው፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ላይ መሣቅ በሙታን ላይ መቀለድ አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አስብ ነበር። መምህር ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ቀን እናቴ የሽንኩርቱን ታሪክ ለእንግዶች ስታወራ ነገሩ ሰለቸኝና፣ ለማቋረጥ ያህል «ለመሆኑ ይህ የሆነው መቼ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «የእኅትህ አርባ ባለፈ በማግሥቱ ነው» አለችኝ።

ታናሽ እኅቴ የሞተችው በመጠለያው ውስጥ፣ በኩፍኝ ነው። በዚያ ዓመት በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ኩፍኝ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አጥፍቷል። እናቴ ከኀዘኗ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰው መካከል የወጣችው ያን ቀን ነበር። ከቤት የወጣችውም ማብሰል ስለ ተሳናት፣ ምናልባት የበሰለ ነገር ባገኝ ብላ ነው። ያ ሣቅ ከልጇ ሞት በኋላ የሣቀችው የመጀመሪያው ሣቅ ነው። ታዲያ ያን ቀን የማትረሳው ሽንኩርቱ አስገርሟት ነውን? አይደለም። እንደገና መሣቅ እንደምትችል ያወቀችበት ቀን ስለሆነ ነው። እኔ ግን ታሪኩን ሃያ ዓመት ያህል ስሰማ፣ ቀኑን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከዚህ የተነሣ ለተቃዋሚዎቹ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። በክፉ ቀን መካከል የተገኘ ሣቅ ኀዘንን አይሽርም፤ ሙታንንም አያቃልልም። አበው «ጥርስ ባዳ ነው» የሚሉት ልብ እያዘነ ጥርስ እንደሚሥቅ ስለሚያውቁ ነው። እንዲያውም ብዙ ሰው ኀዘኑን በቀጥታ ለመናገር ስለማይችል፣ በአጠገቡ የነበረውን ሣቅ ይናገርና ኀዘኑን በውስጡ ይሸሽገዋል። በቅኔያችን ሰምና ወርቅ የምንለው ዓይነት ነው። ሰሙ ሽንኩርት ነው፤ ወርቁ የሦስት ዓመት ሕፃን ናት። ዛሬ እናቴ አርጅታለች፤ ጉልበቷንም ያማታል። «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ?» ስንላት «ተማም» ትለናለች። በዐረብኛው እንዲገባን ትፈልግ እንደሆነ፣ ወይስ በአማርኛው፣ ለእኛ ትታልናለች።

ሣቅና ቁም ነገር እንደማይጣሉ የሚያስረዱ ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የኖሩት የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና በቅኔና በአቋቋም የተመሰገኑ ሊቅ ነበሩ። ዛሬ ግን ከቤተ ክህነት ውጭ ያለው ሕዝብ አብዝቶ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። ቻርሊ ቻፕሊንም በለንደን ከተማ በብርቱ ድህነት ያደገ ሰው ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. በወጣው ስለ ወርቅ ፍለጋ በሚናገረው ፊልሙ ውስጥ፣ የተራበው ሰው ጫማውን ቀቅሎ፣ በሳሕን አቅርቦ፣ እንደ መልካም ግብዣ በሥርዓት ሲበላው ይታያል። ተመልካቹ ይሥቃል፤ የሚሥቀው ግን በረኃቡ ላይ አይደለም። ተርቦም እንኳ የሰውነት ወጉን ያልጣለው ሰው ስለሚያስደንቀው ነው።

ይሁን እንጂ ሣቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በሰው አነጋገር ማላገጥ፣ በመልኩ ወይም በድህነቱ ማሾፍ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። የሁለቱን ልዩነት ለመለየት በጨዋታው ውስጥ ሞኙ ማን እንደሆነ መመልከት ይበቃል። በእናቴ ታሪኮች ውስጥ የምትሳሳተው ራሷ ናት፤ ሐቦባ ግን ሞኝ ሆነው አይታዩም። የሚሥቁትም ሁለቱ አብረው ነው። የሚያላግጥ ሰው ግን ብቻውን ይሥቃል፤ ሌላው ያፍራል። ስደተኛውን በቋንቋው ስሕተት የሚያሳፍር ሰው፣ የሽንኩርት ክምር ቢኖረው እንኳ ሦስት ራስ አንሥቶ አይሰጥም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሣቁን ብቻ ይዞ ኀዘኑን መጣልም ስሕተት ነው። ይህ የእኛ የቤተሰባችን ስሕተት ነበር። የእናቴን ጨዋታ እየሰማን ሆዳችንን ይዘን ሥቀናል፤ ከጨዋታው በስተጀርባ ያለውን ግን አልጠየቅንም። እርሷም ሳትጠየቅ አልተናገረችም። ጥያቄው ሳይነሣ ብትሞት ኖሮ፣ ታናሽ እኅቴን የሚያነሣት ሰው በቤታችን ባልኖረም ነበር። እንግዲህ አድማጭም እንደ ተራኪው ግዴታ አለበት ማለት ነው።

ይህ ነገር ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ መንገዱ ዛሬም በሁለት አቅጣጫ እንደሚሄድ ያስተውል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ስደተኞች ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ ቤተሰባችንም ከተመለሱት አንዱ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ግን በሰሜን ኢትዮጵያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ኡም ራኩባ እንደገና ኢትዮጵያውያንን ተቀበለች። ከዚያም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ገዳሪፍ ከካርቱም የሸሹትን ማስጠለል ጀመረች፤ ብዙዎችም ገላባትን ተሻግረው መተማ ገቡ፣ በዚያው አካባቢ ኩመር በተባለ ሥፍራም መጠለያ ተዘጋጀላቸው። ትናንት አስተናጋጅ የነበረው ዛሬ እንግዳ ሆነ።

በዚያ ዓመት ለሥራ ጉዳይ ጎንደር ሄጄ ነበር። አንዲት ሱዳናዊት እናት አንዱን ብላቴና «ሱቅ? ሱቅ?» እያለች ስትጠይቅ አየሁ። ልጁ በትሕትና እየመራ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ አደረሳት። በዐረብኛ ሱቅ ማለት ገበያ ነውና፣ ሴትዮዋ የፈለገችው አትክልት ተራን ነበር። ከሳሙናና ከብስኩት ክምር ፊት ቆማ ግራና ቀኝ ከተመለከተች በኋላ፣ ባለ ሱቁን «በሰል?» አለችው።

ባለ ሱቁም ግራ ተጋብቶ «ምኑ ነው የበሰለው?» አላት።

እኔ ከኋላ ቆሜ ሣቄ አመለጠኝ፤ ወዲያውም ዓይኔ እንባ አቀረረ። በልጅነቴ በለመድኩት ዐረብኛ ሰላምታ ሰጥቼ ነገሩን ለሁለቱም አስረዳሁ። ሴትዮዋም፣ ባለ ሱቁም፣ ብላቴናውም አብረን ሣቅን። ከዚያም እስከ ገበያው ድረስ ሸኘኋትና ወደ ጉዳዬ ሄድኩ።

ቤት ስመለስ ያየሁትን ሁሉ ለእናቴ አጫወትኋት። እንደ ጠበቅሁት ከት ብላ ሣቀች። ቀጥላም ሣቋን ገታ አድርጋ «ለመሆኑ ሦስት ራስ ሽንኩርት ገዝተህ ሰጠሃት?» አለችኝ።

አልሰጠኋትም ነበር። ሣቁን አስታውሼ ስጦታውን ረስቼ ነበር።

ተማሪዎች ሆይ፣ በየቤታችሁ አያት፣ አጎት፣ አክስት ወይም ጎረቤት አይጠፋም። ስለ ጨለማ ጊዜ ሲያወሩ የሚያስቅ ነገር ካነሡ «እነዚህ ሽማግሌዎች ዛሬም ያንኑ ይደጋግማሉ» ብላችሁ አትሂዱ። የሚደጋገም ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚደጋገመው ያልተጠየቀ ጥያቄ በውስጡ ስላለ ነው። ስለዚህ አብራችሁ ሣቁ፤ ሣቁ ሲበርድም በአክብሮት «ይህ የሆነው መቼ ነበር? ያን ጊዜ ማን ከእናንተ ጋር ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት። ነገሥታቱና ጦርነቶቹ ጸሐፊ አላቸው፤ የሽንኩርቱ ክርክርና የሦስት ዓመቷ ሕፃን ግን ከእናንተ በቀር ጸሐፊ ላይኖራቸው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ቋንቋው የጠፋበት እንግዳ በደጃችሁ ሲያልፍ ያን ታሪክ አስታውሱ፤ ስታስታውሱም ሣቁን ብቻ ሳይሆን ሦስቱን ራስ ሽንኩርት ጭምር ይሁን።